ኢንስፔክተሩ የት ሄደ? የፖሊስ ማዕረግ ስም ሲቀየር

ጤና ይስጥልኝ አድማጮች። ዛሬ የማወራው ስለ ፖሊስ ማዕረግ ነው። ስለ ሹመት ወይም ስለ ደመወዝ አይደለም፣ ስለ መጠሪያው ብቻ። ዓመተ ምሕረቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራቸው።

እስቲ አንድ ፖሊስ ጣቢያ እናስብ። ልጃቸው የታሰረባቸው እናት ገቡ። «ልጄን የወሰደው ኢንስፔክተሩ ነው፣ እሱን አገናኙኝ» ይላሉ። ተረኛው መዝገቡን ገለጥ ገለጥ አድርጎ፣ «እናቴ፣ እዚህ ኢንስፔክተር የሚባል የለም» ይላቸዋል። ተረኛው አልዋሸም። ባለፈው ወር ማዕረጉ ተቀይሯል፤ የትናንቱ ኢንስፔክተር ዛሬ ዋራንት ኦፊሰር ነው። ሰውየውም ያው፣ ቢሮውም ያው። የእናትየው ጆሮ ውስጥ የቀረው ግን «የለም» የምትለዋ ቃል ናት። ሰው ሰወሩብኝ ብለው ነው የሚወጡት።

ጣቢያውን እኔ ነኝ ያሰብኩት፤ ለውጡ ግን የእውነት ነው፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የሆነ። አፓርታይድ ሲያበቃ የፖሊስ ተቋሙ ስም ላይ «አገልግሎት» የሚል ቃል ተጨመረ፤ በ1995 ደግሞ ወታደራዊዎቹ ማዕረጎች ወጥተው ሱፐርኢንቴንደንት፣ ዳይሬክተር፣ ኮሚሽነር የሚሉ ገቡ። ያን ዓመት የወጣው የፖሊስ ሕግ ነዋሪውና ፖሊሱ አብረው የሚቀመጡባቸውን የማኅበረሰብ ፖሊስ መድረኮችም አቋቁሟል። ይህ መያያዝ ነው እኔን የሚገርመኝ፤ መጠሪያው ሲቀየር መገናኛ ወንበርም አብሮ ተዘረጋ።

በሚያዝያ 2010 ሁሉም ወደ ኋላ ተመለሰ። ኢንስፔክተር ዋራንት ኦፊሰር፣ ሱፐርኢንቴንደንት ሌተናል ኮሎኔል፣ ዳይሬክተር ብርጋዴር፣ የአገሪቱ ዋና ኮሚሽነር ደግሞ ጀነራል ተባሉ። ካፒቴን መሐል ላይ ሆኖ ሁለቱንም ማዕበል ሳይነካ አሳለፈ። ለውጡ ዲሲፕሊንና የዕዝ ሥልጣን ያጠናክራል ተባለ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ነሐሴ 2012፣ ማሪካና ላይ ፖሊስ በአንድ ቀን 34 የማዕድን ሠራተኞችን ተኩሶ ገደለ። ኮሎኔል የሚለው ቃል ቃታ ሳበ የሚል ሰው ካለ አልከተለውም፤ የዚያን ቀን ምክንያት ከዕቅድና ከትእዛዝ ነው የሚጀምረው። ግን የአገሪቱ የልማት ዕቅድ በዚያው ዓመት ፖሊስ ከወታደራዊ ባሕርይ ይላቀቅ ብሎ ሲመክር፣ ማዕረጉም የጭቅጭቁ አካል ነበር።

አሁን ተቃራኒውን ስሙ። ፊሊፒንስ። ሕገ መንግሥቱ ፖሊሱ የሲቪል ባሕርይ እንዲኖረው ያዛል፤ ማዕረጎቹም ሱፐርኢንቴንደንት፣ ቺፍ ኢንስፔክተር የሚሉ ነበሩ። ሕዝቡ ግን በአፉ ኮሎኔል፣ ሜጀር ማለቱን አልተወም። በየካቲት 2019 ሕጉ ለሕዝቡ አፍ እጅ ሰጠ፤ ሱፐርኢንቴንደንቱ ሌተናል ኮሎኔል ተባለ፣ ከፊቱ «ፖሊስ» የሚል ቃል ተቀጥሎበት፤ ዝቅተኛው ማዕረግ ደግሞ ለወንድና ለሴት ለየብቻ መጠሪያ ተሰጠው። ምክንያቱ ግራ መጋባትን ማስቀረት ነው ተባለ። እና ወታደራዊ ስም ሁልጊዜ ያርቃል፣ የሲቪል ስም ሁልጊዜ ያቀርባል ማለት አይቻልም። ሰው የሚቀርበው አፉ የለመደውን ስም ነው።

ስለ አፍ ካነሳን፣ ኮንስታብል የሚለው ቃል ሥሩ ላቲን ነው፣ ትርጉሙም የፈረስ ጋጣ ሹም። በኛ ባልደራስ ማለት ነው! የብሪታንያ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረው ሮበርት ፒል በ1829 የለንደንን ፖሊስ ሲያቋቁም ከጦሩ መጠሪያዎች ሳጅንን ብቻ ወሰደ፤ ሌሎቹን ኮንስታብል፣ ኢንስፔክተር፣ ሱፐርኢንቴንደንት አላቸው። ኮቱንም ሰማያዊ አደረገው፤ የጦሩ ቀይ ስለነበር። ሕዝቡ ወታደር መጣብኝ እንዳይል ነው።

የሰሜን አየርላንድን ነገር ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። በ2001 የተቋሙ ስም ተቀየረ፣ አርማውም ተከተለ፤ ማዕረጎቹ ግን ኮንስታብል፣ ሳጅን፣ ኢንስፔክተር እንደነበሩ ቀሩ። ለአሥር ዓመት ከአዲስ ምልምሎች ግማሹ ከካቶሊኩ ማኅበረሰብ እንዲሆን ተደረገ፤ የካቶሊኮች ድርሻ ከ8 በመቶ ገደማ ወደ 30 በመቶ ገደማ ወጣ። እዚያ ሥራውን የሠራው ምልመላው ነው። የማዕረግ ስም ቀይረው ምልመላውን እንደነበረ የሚተዉ አለቆች ይህችን ነገር ቢያስቡባት ደስ ይለኛል።

ወደ ሥራው እንግባ። አንድ ተቋም ማዕረግ እቀይራለሁ ካለ መጀመሪያ የሚያየው ልብሱን አይደለም፣ ሕጉን ነው። በእንግሊዝና ዌልስ የ1984ቱ የፖሊስና የወንጀል ማስረጃ ሕግ ክስ ያልተመሠረተበት እስረኛ ጉዳይ በ6ኛው ሰዓት፣ ከዚያ በየ9 ሰዓቱ እንዲታይ ያዛል፤ የሚያየውም በምርመራው ያልገባ፣ ቢያንስ ኢንስፔክተር የሆነ ሰው ነው። በከባድ ወንጀል እስሩን ከ24 ወደ 36 ሰዓት ማራዘም የሚችለው ቢያንስ ሱፐርኢንቴንደንት ነው። እነዚህ ቃላት የሕጉ አንቀጽ ውስጥ ያሉ ናቸው። ሱፐርኢንቴንደንትን ኮሎኔል ብላችሁ «በማንኛውም ሕግ የቀድሞው መጠሪያ ሲጠቀስ አዲሱን ይመለከታል» የሚል የመሸጋገሪያ አንቀጽ ካላስገባችሁ፣ የመጀመሪያው ጎበዝ ጠበቃ ይነሳና «25ኛውን ሰዓት የፈቀደው ማን ነው?» ይላል። መልስ የላችሁም። ሰውየው ቢለቀቅ ደግሞ የተበደለው ጎረቤት ፖሊስን እንጂ አንቀጹን አይወቅስም።

ቀጥሎ የማመሳከሪያ ሠንጠረዥ። አንድ ገጽ በቂ ነው፤ የድሮው ስም፣ አዲሱ ስም፣ በትከሻ ላይ ያለው ምልክት በሥዕል። ጣቢያው ውስጥ ኮማንደሩ ቢሮ ሳይሆን ሰው ተራ የሚጠብቅበት ግድግዳ ላይ፣ በቁመት ልክ፣ ተቀምጦ በሚነበብ ፊደል። ሁለት ማዕረግ ወደ አንድ ከተጠቃለለ ወይም አንዱ ለሁለት ከተከፈለ ሠንጠረዡ ብቻውን አይበቃም፤ የእያንዳንዱን ሰው ስም ከነመለያ ቁጥሩ የያዘ ዝርዝር ተረኛው ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ አለበት። የቅሬታ ቅጽ ላይም ማዕረግ የሚጠየቅበት ሳጥን ወጥቶ የመለያ ቁጥር ይግባ። ማዕረግ ይቀየራል፣ ሰው ይሾማል፣ ይዛወራል፤ ቁጥሩ ግን አብሮት ይሄዳል።

ከሁሉ የሚረሳው ስልኩ ነው። ስልክ አንሺው በአዲሱ ማዕረግ ራሱን ሲያስተዋውቅ ደዋዩ ዝም ካለ፣ ወደ ወታደር ካምፕ የደወለ መስሎት ይሆናል። መጀመሪያ ጣቢያው፣ ቀጥሎ ስም፣ ማዕረጉ መጨረሻ ላይ ይባል። ለተረኛውም «የለም» የምትለዋ ቃል ትከልከል። «እርስዎ ኢንስፔክተር የሚሉት ማዕረጉ ተቀይሯል፣ መለያ ቁጥሩ ይኸው» ለማለት የሚፈጀው ጊዜ አምስት ሰከንድ ነው።

የድሮው ስም መቼ ይውጣ? ብዙ ጊዜ ቀን ይቆረጥና በዚያ ቀን ሁሉም ወረቀት ይቀየራል። እኔ በዚህ አልስማማም። በድሮው ማዕረግ የተከፈቱ የምርመራ መዝገቦች እስኪዘጉ ድረስ ሁለቱም ስሞች በቅንፍም ቢሆን ጎን ለጎን መጻፍ አለባቸው፤ ምስክሩ ፍርድ ቤት ቆሞ የሚጠራው ያኔ የሰማውን ስም ነውና።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ከለውጡ በኋላ ቅሬታ ቀነሰ የሚል ሪፖርት ከመጣ ቶሎ አታጨብጭቡ። የቅሬታ መዝገቡ በማዕረግና በስም የሚፈለግ ከሆነ፣ አንዱ ፖሊስ መዝገቡ ውስጥ ሁለት ሰው ሆኗል፤ ሦስቱ ቅሬታ በድሮው፣ ሁለቱ በአዲሱ። አምስት ቅሬታ ያለበት ሰው የሚያስጠይቀውን ልክ ሳያልፍ ያመልጣል። መዝገቡን መጀመሪያ በመለያ ቁጥር አዋህዱት፣ ከዚያ ቁጠሩ።