ከጽሑፉ ይልቅ ደረሰኙ

ጤና ይስጥልኝ፣ ከደብረ ብርሃን ነው። ብርዱ ስለበረታ ወሬ አላበዛም።

በእንግሊዝኛ የሚዘጋጅ ጋዜጣ ለሰሜን ሸዋ ምኑ ነው የሚል አይጠፋም። አንባቢው ጥቂት ነው፤ ግን ጥቂቱ ኤምባሲ፣ ለጋሽና ባለሀብት ነው። ከአጣዬ ወይም ከመሐል ሜዳ የተላከች አንዲት አንቀጽ እነሱ ጠረጴዛ ላይ ስትደርስ ክብደቷ ይለወጣል። ባለሥልጣንም የሚቆጣው ለዚህ ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 የጽሑፍ ቅድመ ምርመራን (ሳንሱርን) ከልክሏል። ታዲያ ጫናው በየት ይግባ? አንዱ በር ማተሚያ ቤት ነው። የመንግሥት ንብረት የሆነው ብርሃንና ሰላም በ2004 ለአሳታሚዎች ባቀረበው ውል፣ ሕግ ይጥሳል ያለውን ጽሑፍ አላትምም የማለት መብት ለራሱ ሰጠ። ሳንሱር አይባልም፣ ውል ነው! በእንግሊዝኛ የሚዘጋጀው አዲስ ስታንዳርድ መጽሔት በ2009፣ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሰሞን፣ ወረቀቱን ትቶ ኢንተርኔት ላይ ቀረ። ማተሚያ ቤት ባያስፈልገውም ሐምሌ 2013 ፈቃዱ ታገደ፤ እገዳው በቀናት ውስጥ ተነሣ። ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ደግሞ ፖሊስ ቢሮውን በርብሮ ኮምፒዩተርና ስልክ ወሰደ።

ከሁሉ የሚከፋኝ ግን የግብሩ በር ነው፤ ምክንያቱም ሲያዩት ሕጋዊ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2017 የካምቦዲያ መንግሥት ካምቦዲያ ዴይሊ የተባለውን የእንግሊዝኛ ጋዜጣ 6.3 ሚሊዮን ዶላር ግብር አለብህ አለው። የመክፈያው ቀን ሴፕቴምበር 4 ነበር። በዚያው ቀን፣ የተቃዋሚውን መሪ የኬም ሶካን መታሰር ፊት ገጹ ላይ አውጥቶ ተዘጋ። ከ24 ዓመት ሥራ በኋላ የተዘጋው በጽሑፉ ሳይሆን በግብር ነው።

እኛ አገር በአዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት የግብር ውሳኔ የደረሰው ሰው ቅሬታውን በ21 ቀን ማቅረብ አለበት። ጋዜጠኛ ደግሞ ጽሑፍ እንጂ ደረሰኝ አይሰበስብም። የማስታወቂያ ገቢ፣ የሪፖርተሮች አበል፣ የቤት ኪራይ፣ ሁሉም ደረሰኝ በየወሩ ተለይቶ ካልታሰረ 21 ቀኑ ፋይል ፍለጋ ላይ ያልቃል።

ብርበራ ሲመጣስ? የፍርድ ቤት ትእዛዙን ማንበብ፤ በኤግዚቢትነት (በማስረጃነት) የሚወሰደው ዕቃ እያንዳንዱ ከነመለያ ቁጥሩ እንዲመዘገብ፣ እማኝም እንዲፈርም መጠየቅ፤ ቅጂውን መያዝ። አብዛኛው ሰው በድንጋጤ «አንድ ላፕቶፕ» የሚል ወረቀት ላይ ይፈርማል። በኋላ የትኛው ላፕቶፕ? መልስ የለም። መጠባበቂያ ቅጂውንም ያው ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ቅጂ እንደሌለ ነው፤ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ፖሊስ ከገባ በኋላ ፋይል ማጥፋት ደግሞ ራሱ ማስረጃ በማጥፋት ሊያስከስስ ይችላል፤ ጥንቃቄው ከዚያ በፊት ነው።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። የአዲስ አበባው አዘጋጅ ቢያንስ ጠበቃ አለው። ከሸዋሮቢት ፎቶ የላከው ልጅ ግን ስሙ በተወሰደው ስልክ ውስጥ ከነአባቱ፣ ከነቀበሌው ተመዝግቦ ይገኛል። ስለዚህ ከመላክህ በፊት አዘጋጁን ጠይቀው፤ ስልክህ ውስጥ በምን ስም መዘገብከኝ? የላክሁልህን መቼ ታጠፋዋለህ? ቴሌግራም ላይ በራሱ የሚጠፋ መልእክት አለ፤ ግን አንተ ጋ ብቻ ሳይሆን እሱም ጋ እንደሚጠፋ ሳታረጋግጥ ፎቶውን አትላክ።