የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ የቆመ ቶረንት፣ የሚቀድም ሰብታይትል

ጥያቄ፦ የሊኑክስ ፋይል በኪው-ቢትቶረንት (ቶረንትን፣ ማለትም ፋይልን ከሌሎች ተጠቃሚዎች ኮምፒውተር ቁራጭ በቁራጭ በሚያወርደው ፕሮግራም) እያወረድኩ 98 በመቶ ላይ ቆመ፤ «ስቶልድ» (ቆሟል) ይላል። ኢንተርኔቱ ግን ይሠራል። ፕሮግራሙን ልቀይር?

መልስ፦ ፕሮግራም መቀየሩ ምንም አይፈይድም። ቶረንቱን ይምረጡና ከታች «ጀነራል» በሚለው ትር ውስጥ «አቬይለቢሊቲ» ከሚለው ጎን ያለውን ቁጥር ይዩ። 0.98 ከሆነ፣ አሁን የተገናኟቸው ኮምፒውተሮች የያዙት ሁሉ ቢደመር እንኳ ፋይሉ ሙሉ አይሆንም። የጎደለው ያለው ሰው እስኪመጣ ሳያጠፉ መጠበቅ ነው።

ቁጥሩ ከ1 በላይ ሆኖም ካልተንቀሳቀሰ ወደ ራስዎ መስመር ይመለሱ። በመስኮቱ ግርጌ ባለው የግንኙነት ምልክት ላይ ማውሱን ሲያሳርፉ ቀጥተኛ ግንኙነት የለም ካለዎት፣ ፖርቱ (ሌሎች ወደ እርስዎ ፕሮግራም የሚገቡበት በር) ዝግ ሳይሆን አይቀርም። «ኦፕሽንስ» ውስጥ «ኮኔክሽን» ገብተው ዩፒኤንፒን (ራውተሩ ፖርቱን በራሱ እንዲከፍት የሚጠይቀውን ምርጫ) ያብሩ፤ ራውተሩም ላይ መብራቱን ያረጋግጡ። ኢንተርኔት አቅራቢዎ አንድ አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ) ለብዙ ደንበኛ የሚያካፍል ከሆነ ይህም ላይሠራ ይችላል፤ ያኔ መገናኘት የሚችሉት ፖርታቸው ክፍት ከሆነ ሰዎች ጋር ብቻ ነው።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ደግሞ የአፕሎድ ገደብን ነው። አፕሎዱ መስመሩን ከሞላው፣ ዳታው መድረሱን ለላኪው የሚያሳውቁት ትንንሽ መልእክቶች ወረፋ ይይዛሉ፤ ዳውንሎዱም አብሮ ይንቀረፈፋል። የአፕሎድ ፍጥነትዎ 4 ሜጋቢት ከሆነ፣ ለ8 ሲካፈል በሰከንድ 500 ኪሎባይት ገደማ ነው፤ 400 ላይ ይገድቡት። 0 ብለው እንዳይጽፉ፤ እዚህ 0 ማለት ገደብ የለም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ቪዲዮው ወርዶ ሳያልቅ በቪኤልሲ ማጫወቻ ማየት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። ቶረንቱ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርገው በቅደም ተከተል ማውረድ የሚለውን ምርጫ ያብሩ፤ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቁራጮችን ማስቀደም የሚለውንም አብረው ያብሩ። ሁለተኛውን ብዙዎች ይዘሉታል። ነገር ግን የኤምፒ4 ፋይል ማውጫ መጨረሻ ላይ የተቀመጠ ሊሆን ስለሚችል፣ ያለሱ ቪኤልሲ ፋይሉን መክፈት ያቅተዋል። ማጫወቻው ገና ያልወረደው ቦታ ሲደርስ ቆሞ አይጠብቅም፤ ምስሉ ይበላሻል። ስለዚህ ቀድሞ በቂ ይከማች። ሲደሩ (ሙሉ ፋይሉን ይዞ የሚያካፍለው ሰው) ጥቂት በሆነ ቶረንት ላይ ግን ባያደርጉት ይሻላል፤ ፕሮግራሙ እንደ ወትሮው ብርቅ የሆኑትን ቁራጮች ማስቀደሙን ይተዋልና።

ጥያቄ፦ ሰብታይትሉ ከንግግሩ ይቀድማል።

መልስ፦ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእኩል የሚቀድም ከሆነ፣ ቪኤልሲ ላይ የ«ኤች» ቁልፍ በአንድ ጊዜ 50 ሚሊሰከንድ ያዘገየዋል፤ «ጂ» መልሶ ያፈጥነዋል። መጀመሪያ ተስማምቶ እየቆየ የሚራራቅ ከሆነ ግን ቁልፍ መጫን አይበቃም። ብዙ ጊዜ ሰብታይትሉ የተዘጋጀው በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል) ላለው ቅጂ ሆኖ የእርስዎ ቪዲዮ 23.976 ሲሆን ነው፤ በአንድ ሰዓት ልዩነቱ 2 ደቂቃ ተኩል ገደማ ይደርሳል። የቪዲዮውን ፍሬም ቪኤልሲ «ቱልስ» ሥር «ኮዴክ ኢንፎርሜሽን» ላይ ያሳይዎታል። ከዚያ ሰብታይትሉን ሰብታይትል ኤዲት በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ከፍተው ከ25 ወደ 23.976 ይቀይሩትና ያስቀምጡት።