ቀለበቱ ለምን ወለቀ?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ስለ 500 እጀታዎች ነው። አዎ፣ እጀታ። ታገሱኝ።

እኔ የቆዳ ሥራ መሣሪያ ነው የምሠራው። ወስፌ፣ መቁረጫ፣ እንደዚህ ያሉ ነገሮች። ብረቱን ራሴ አዘጋጃለሁ። እጀታውን ግን ለእንጨት ቶርኖ ባለሙያ አዝዛለሁ። ሆዱ ወጣ ያለ፣ አንገቱ ላይ የናስ ቀለበት የሚገባበት። ቀለበቱ ለጌጥ አይደለም። ወስፌው ሲጫን እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ ጠርቅሞ የሚይዘው እሱ ነው።

የመጀመሪያውን ትልቅ ትእዛዝ ስሰጥ በጣም የተጠነቀቅኩ መስሎኝ ነበር። ንድፍ ሠራሁ። ያልጻፍኩበት ቦታ የለም። የሆዱ ውፍረት፣ የጫፉ ክብነት፣ የአንገቱ 12 ሚሊሜትር፣ ሁሉም እስከ ሚሊሜትር አንድ አስረኛ። ናሙና መጣልኝ። ቀለበቱን ሞከርኩት፣ ጥብቅ ብሎ ገባ። ቀብድ ከፈልኩና 500 አዘዝኩ።

መጡ፣ ገጠምኳቸው፣ ሸጥኳቸው። ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ ስልኬ መጮህ ጀመረ። «ቀለበቱ ይሽከረከራል።» «ቀለበቱ ወለቀ።» አንዱ ደንበኛ ቀለበቱን ብቻ በፖስታ ላከልኝ። ደብዳቤ የለ፣ ምን የለ። ከሁሉም ያሳፈረኝ እሱ ነው።

ተናድጄ ባለሙያው ዘንድ ሄድኩ። ናሙናው እንዲያ ሆኖ ሌላው ለምን እንዲህ ሆነ? አልኩት። ረጋ ብሎ፣ «ናሙናውን የሠራሁት ዓመታት ከተቀመጠ ቁራጭ ነው። ለ500 የሚበቃ እንደሱ ያለ እንጨት አልነበረኝም፤ ሌላ ገዛሁ» አለኝ። አልዋሸኝም። እኔም አልጠየቅኩትም።

እንጨት ሲደርቅ በርዝመቱ ብዙም አይቀንስም። በውፍረቱ ነው የሚቀንሰው፤ እሱም እኩል አይደለም። የእድገት ቀለበቶቹን፣ ማለትም ግንዱ ሲቆረጥ የሚታዩትን ክቦች፣ ተከትሎ የሚሸማቀቀው፣ ከመሐል ወደ ቅርፊት ከሚሸማቀቀው ሁለት እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ እርጥብ ሆኖ ክብ የተቀረጸ ነገር ሲደርቅ ክብ አይሆንም፤ እንቁላል መሰል ይሆናል። እርጥበቱ ከ20 በመቶ ወደ 8 በመቶ ቢወርድ፣ በብዙ የእንጨት ዓይነቶች 12 ሚሊሜትር አንገት በአንድ በኩል የሚሊሜትር ሲሶ ያህል ይቀጥናል። ቀለበት ለማውለቅ ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል?

አሁን በመጀመሪያ የምጠይቀው ዋጋ አይደለም። እንጨቱ ናሙናው ከተሠራበት ክምር ነው ወይ? እርጥበቱ ተለክቷል ወይ? ካልደረቀ ወፍራም ተደርጎ ይቀረጽና ይቀመጣል። መለኪያ ከሌለ ጥቂቶቹን በየሳምንቱ መመዘን ነው። ክብደታቸው መቀነስ ሲያቆም ያኔ በልኩ ይጨረሳሉ። ጊዜ ይወስዳል፤ ግን በፖስታ ቀለበት ከመቀበል ይሻላል።

ያን ቀን ባለሙያው ሌላም ነገር ጠየቀኝ። «ከነዚህ ሁሉ ቁጥሮች ቢሳሳት ሥራህን የሚያበላሸው የቱ ነው?» ንድፌን አየሁት። አንገቱ ብቻ! ሆዱ አንድ ሚሊሜትር ቢወፍር የሚያውቅበት መዳፍ የለም። እኔ ግን ሰውየውን 500 ጊዜ አስቁሜ ሆድ አስለክቼዋለሁ። ገንዘቡንም የከፈልኩት ለዚያ ነው።

በነገራችን ላይ፣ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ፖርትስማውዝ ውስጥ ለመርከብ ገመድ የሚሆኑ የእንጨት ፑሊዎችን በማሽን ያመርት ነበር። ማሽኖቹን የነደፈው ማርክ ብሩኔል፣ የሠራቸው ሄንሪ ሞድስሌይ። በ1808 እ.ኤ.አ. ብቻ 130,000 ያህል ወጥቷል። ይህን ሳነብ ቀናሁ። የኔ 500 ግን መካከል ላይ የቀረ ቁጥር ነው። ለአንድ ሰው እጅ ይበዛል፣ ኮፒ የሚያደርግ ቶርኖ፣ ማለትም አንድ ናሙና ተከትሎ የሚቀርጽ ማሽን፣ ለማስተካከል ደግሞ ያንሳል። ከባለሙያው ጋር የምንከራከረው ሁሌ እዚህ ላይ ነው። እኔ በእጅ ይሁን እላለሁ። የእጅ ሥራ ትንሽ ይለያያል፣ ግን እጀታዎቼ ተደርድረው አይኖሩም፤ እያንዳንዱ ወደየቤቱ ይሄዳል።

አሁን ንድፉ ላይ ጥብቅ ልኬት አንድ ብቻ ነው። ከትእዛዙ ጋር 20 ቀለበት እልካለሁ። እሱ ደግሞ ከቁራጭ ኮምፔንሳቶ ሁለት ቀዳዳ ያለው መፈተሻ ሠራ። አንገቱ በሰፊው መግባት አለበት፤ በጠባቡ ከገባ ቀጥኗል ማለት ነው። ሁለት መፈተሻ ነው የሠራው፤ አንዱን እሱ ይዞታል፣ አንዱ እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ባለፈው 530 ላከልኝ፤ 30ው ለብልሽት መጠባበቂያ ነው። አንድ በአንድ ፈተሽኩ። 11 በጠባቡ ገቡ። ደወልኩለት። «እኔ ጋ ዘጠኝ ነበሩ፤ ምልክት አድርጌባቸዋለሁ» አለኝ። እውነትም ዘጠኙ ምልክት አላቸው። ሁለቱ መንገድ ላይ ይቅጠኑ፣ የኔ ቀዳዳ ይስፋ፣ እስካሁን አልተስማማንም።