የእድራችን ወንበሮች ለሳቅም ይውጡልን

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ እናቶቼ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ እዛ በር ላይ የቆማችሁት ልጆችም ጭምር፣ እንደምን ዋላችሁ? ሊቀመንበራችን ከአጀንዳው ላይ ትንሽ ሰዓት ቀንሰው ስለሰጡኝ በጣም አመሰግናለሁ። ሰዓታችሁን እንዳልሻማ ብዬ ጽፌ ነው የመጣሁት።

ጥያቄዬ አንድ ነው። የእድራችን ወንበሮችና ይሄ አሁን የተቀመጥንበት ኮሙናል፣ የጋራ ቤታችን፣ በወር አንድ ቅዳሜ ማታ ቀለል ያለ ኮሜዲ ፊልም አብረን እንድናይበት ይፈቀድልን ነው የምለው። እድርና ፊልም ምን አገናኛቸው የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ፣ ስብሰባው ሳይጀመር ራሱ አንዳንድ አባቶች ጠርተው ጠይቀውኛል፣ ጥያቄያቸው ደሞ ተገቢ ነው።

እስቲ አስቡት፣ እኛ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የገባን ሰዎች ከየት ነው የመጣነው? አንዱ ከአራት ኪሎ፣ አንዱ ከካዛንቺስ፣ አንዱ ከመርካቶ፣ አንዱ ከልደታ፣ እጣ ወጥቶልን ቁልፋችንን ተቀብለን በየብሎኩ ተበታትነን ገባን። ድሮ ሰፈራችን ሳለን ሲኒማ በእግር የሚኬድበት ነገር ነበር። የፒያሳ ልጅ ሲኒማ ኢትዮጵያና አምፒር ነበሩለት፣ የመርካቶ ልጅ ሲኒማ ራስ ገብቶ የህንድ ፊልም ያይ ነበር፣ ሳንቲም ያነሰው ደሞ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጠጋግቶ ይቀመጣል። ብቻውን የሚስቅ ሰው አልነበረም። እዚህ ስንመጣ ቤት አገኘን፣ ተመስገን ነው፣ ግን ጎረቤታችንን የምናውቀው መቼ ነው? ለቅሶ ሲደርስ። በር ለበር እየኖርን ስም ሳንተዋወቅ ከርመን ድንኳን ውስጥ ንፍሮ እያዞርን "ውይ፣ ለካ ከላይ ያለሽው አንቺ ነሽ" የተባባልን ስንት ነን?

ለሀዘን መሰብሰብ እናውቅበታለን፣ እኔ በዚህ እኮራለሁ፣ ሌሊት ሞት ከተሰማ ጠዋት ድንኳኑ ተተክሎ ወንበሩ ተደርድሮ ውሃው ተቀድቶ ነው የሚገኘው። ሲስቅ ግን ሁሉም በሩን ዘግቶ ነው የሚስቀው፣ አንድ ቤት ውስጥ ራሱ አባት መኝታ ቤት፣ ልጅ ሳሎን፣ እናት ኩሽና፣ ሁሉም በየስልኩ፣ ጆሮው ላይ ኢርፎን ሰክቶ። ይሄ ነው የከነከነኝ፣ ባለፈው ቅዳሜና እሁድ ያደረግነውን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ቅዳሜ ማታ እኛ ቤት ነው የተጀመረው። የእህቴ ልጅ ፕሮጀክተር ይዞ መጣ፣ ሳሎን ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ወጠርን፣ ድምፁን በጂፓስ ስፒከር አደረግነው፣ ሶፋውን ወደ በረንዳ አውጥተን ምንጣፍ አነጠፍን። ሃሳባችን ለብሎኩ ልጆች ብቻ ነበር፣ ግን ልጅ ከመጣ እናት ተከትላ ትመጣለች፣ እናት ከቆየች አባት "ምን ሆናችሁ ነው" ብሎ ይመጣል፣ በቃ ትንሽ ቆይቶ ደረጃው ላይ ሁሉ ሰው ተቀመጠ፣ በሩን ከፍተን ከኮሪደር የሚያይም ነበር። የቻርሊ ቻፕሊን ፊልም ነበር ያሳየነው፣ በፈረንጆቹ 1925 የተሰራ፣ አንድ ምዕተ ዓመት የሞላው ፊልም። እሱን የመረጥነው ንግግር ስለሌለው ነው፣ እንግሊዝኛ የሚችለውም የማይችለውም እኩል ይሆናል፣ የትርጉም ፊልም ላይ እንዳለው አንድ ሰው ከላይ እየተረከ አይረብሽም (የትርጉም ፊልም የሚወድ እንዳለ አውቃለሁ፣ እናቴ ራሷ ያለ ተራኪ ፊልም አይታያትም፣ ግን ኮሜዲ ላይ ተራኪው ቀድሞ ከተናገረ ሳቁ ይሞታል)።

ከምድር ቤት ያሉትን እማማን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከቤተክርስቲያን ውጪ የትም አይሄዱም። እኛም እኮ ድንኳኑ እስኪፈርስ አልተለየናቸውም፣ ከዛ በኋላ ግን ሁላችንም ወደየስራችን ተመለስን። እንደምንም ለምነን ይዘናቸው ወጣን፣ ደረጃውን እየደገፍናቸው፣ "እኔ ፊልም ምን ይሰራልኛል" እያሉ፣ ከፊት አስቀመጥናቸው። ቻፕሊን በረዶ አገር ወርቅ ፍለጋ ሄዶ የሚበላ አጥቶ ጫማውን ቀቅሎ የሚበላበት ቦታ አለ፣ የጫማውን ክር ሹካው ላይ እየጠቀለለ ይጎርሳል፣ ሚስማሩን አንድ ባንድ አውጥቶ የዶሮ አጥንት እንደሚመጥ ሰው ይመጠዋል። ጫማው ለፊልሙ ተብሎ ከሊኮሪስ ከረሜላ የተሰራ ነበር፣ ያን ሰዓት ግን ማን ያስታውሰዋል። እማማ መጀመሪያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ፣ ከዛ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ከዛ ድምፅ አውጥተው "ኧረ ይሄ ልጅ ሚስማሩንም ሊውጠው ነው!" ሲሉ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፣ ልጆቹ ፊልሙን ትተው እሳቸውን እያዩ ይስቃሉ። ሲረጋጉ እንባቸውን እየጠረጉ "ይሄን የሰራው ረሃብን የሚያውቅ ሰው ነው" አሉ። እውነታቸውን ነው። ቻፕሊን በፈረንጆቹ 1889 እንግሊዝ አገር ተወልዶ ለንደን ውስጥ በችግር ነው ያደገው፣ በሰባት ዓመቱ የድሆች መጠለያ ገብቷል። እማማ ይሄን ከማንም አልሰሙም፣ ከሳቁ ውስጥ ነው ያወቁት።

እሁድ ደሞ ሲኒማ ቤት ሄድን፣ ቅዳሜ የነበሩት ጎረቤቶች ናቸው "ለምን ነገም አንደግመውም" ያሉት። ከአባዶ አያት፣ ከአያት መገናኛ፣ ከመገናኛ ቦሌ፣ ዓለም ሲኒማ ገባን። እንግዲህ መንገዱን ታውቁታላችሁ፣ ታክሲ ሰልፍ አለ፣ ልጅ ይዞ መጋፋት አለ፣ ለቤተሰብ ትኬቱና ፈንዲሻው ላይ የታክሲው ደርሶ መልስ ሲጨመር ለብዙዎቻችን የሚደጋገም ነገር አይደለም። ከከተማው ዳር መኖር ትልቁ ችግሩ ይሄ ነው፣ የሚያስቀን ነገር ሁሉ መሃል ከተማ ነው ያለው።

ግን ሲኒማ ቤት የራሱ ነገር አለው፣ አልዋሽም። መብራቱ ሲጠፋ ልጆቹ እጄን ጭምቅ አድርገው ያዙኝ፣ አማርኛ ኮሜዲ ነበር፣ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ደሞ ዝም ብሎ አያይም፣ ይመልሳል። ባልየው ሚስቱን ሊዋሽ ሲል ከኋላችን አንድ ሰውዬ "ተው አንተ ሰው፣ ታውቅብሃለች!" ብሎ ጮኸ፣ ሴቶቹ አጨበጨቡ፣ ቀጣዩን ንግግር ማንም አልሰማውም፣ ማንንም ግን ቅር አላለውም። የማናውቃቸው ሰዎች ጋር አብረን ስቀን ስንወጣ በሩ ላይ እንደ ዘመድ ነበር የተሰነባበትነው።

ስለ ፊልም ምርጫም የማምንበትን ልናገር። ኮሜዲ ሁሉ ጥሩ ነው አልልም። የቤት ሰራተኛዋ አነጋገር ላይ ብቻ የሚሳቅበት፣ ከገጠር የመጣውን ሰው ደደብ አድርጎ የሚያሳይ፣ መንተባተብን መቀለጃ የሚያደርግ ፊልም አለ፣ ብዙም ነው። እንደዛ አይነቱን እኔ ልጆች ፊት አላሳይም። እዚህ ብሎካችን ውስጥ በቤት ሰራተኝነት የሚያድሩ ልጆች አሉ፣ አብረውን ቁጭ ብለው ነው የሚያዩት፣ ሌላው ሲስቅ እነሱ አንገታቸውን የሚደፉበት ፊልም ሰፈር አያገናኝም። ጎበዝ ኮሜዲያን ጉልበተኛው ላይ ነው የሚያስቀው።

ይሄ ደሞ አዲስ ነገር አይደለም። ቀልድ የቁም ነገር ተቃራኒ የሚመስላቸው አባቶች ካሉ በትህትና ላስታውስ፣ በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ቴአትር የሚባለው የተክለሐዋርያት ተክለማርያም የአውሬዎች ኮመዲያ ነው፣ ስሙ ራሱ እንደሚለው ኮሜዲ ነበር፣ በእንስሳት ተረት አድርጎ የዘመኑን ሹማምንት ስለነካ ታገደ። የጻፉት ሰው ተራ ቀልደኛ አልነበሩም፣ በኋላ በኛ አቆጣጠር የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እሳቸው ናቸው። እንዲህ ያሉ ትልቅ ሰው ሕዝብ ለማስተማር መጀመሪያ የመረጡት ሳቅን ነው። ከዛ ወዲህ ስንቶቹ አሉን፣ እንግዳዘር ነጋ፣ ተስፋዬ ካሳ፣ ደረጀና ሀብቴ፣ በተለይ አለባቸው ተካና ልመነህ ታደሰ በዓል ሲመጣ ቴሌቪዥን ላይ ሲወጡ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጎረቤት ይሞላ ነበር፣ ዕድሜያችሁ የደረሰ ታስታውሳላችሁ፣ ልጅ መሬት ላይ፣ ትልቅ ሰው አልጋ ጠርዝ ላይ፣ ጫማ በር ላይ ተከምሮ።

የጥናቱን ነገርም ባጭሩ ላንሳ፣ ዶክተር የሚል ነገር ካልሰማ የማያምን ሰው ስላለ። ሮበርት ፕሮቫይን የሚባሉ አሜሪካዊ የሳይኮሎጂ ምሁር ሳቅን ለብዙ ዓመታት ሲያጠኑ ኖረው ያገኙት፣ ሰው ከሰው ጋር ሲሆን ብቻውን ከሚሆንበት ጊዜ 30 እጥፍ ያህል የበለጠ እንደሚስቅ ነው። የኦክስፎርዱ ሮቢን ደንባር ደሞ ከባልደረቦቻቸው ጋር በፈረንጆቹ 2012 ባወጡት ጥናት፣ ሰዎችን ኮሜዲ እያሳዩ ከማሳቃቸው በፊትና በኋላ ክንዳቸው ላይ በጣም የቀዘቀዘ ነገር እያሰሩ ሞከሯቸው፣ ከልባቸው የሳቁት ህመሙን የበለጠ ችለውት ተገኙ፣ ምክንያቱም ሳቅ ኢንዶርፊን የሚባለውን ሰውነታችን ራሱ የሚያመነጨውን ማስታገሻ ይለቃል ይላሉ። ታዲያ ሀዘንተኛን ማስታገስ የእድር ስራ አይደለም እንዴ? እኛ አርባ እስኪወጣ ድረስ እንቆማለን፣ ከዛ በኋላ ያለው ረጅሙ ጊዜ ላይስ ማን አለ? እኔ የምለው እድራችን እዛም ላይ ይድረስ ነው።

አሁን ስለ አሰራሩ። ከእድሩ ካዝና አንድም ብር አንጠይቅም። ፕሮጀክተሩ አለ፣ አንሶላው አለ፣ የኮሙናሉን መብራት ፊልሙን የሚያዩት ሰዎች አዋጥተው ይከፍላሉ፣ ወንበር ተቆጥሮ ይወጣል ተቆጥሮ ይገባል፣ የተሰበረ ካለ ያዘጋጀነው ሰዎች እንተካለን። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምረን 3 ሰዓት ሳይሞላ እንዘጋለን፣ ጠዋት ቤተክርስቲያንም ስራም የሚሄድ አለ። ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ካለ ፕሮጀክተሩ አይበራም፣ ማንም ሳያሳስበን ራሳችን እንተዋለን። በሕማማት አናሳይም፣ በረመዳን ደሞ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሳይኖሩ ማየት ስለማይገባ ሰዓቱንና ቀኑን ከእነሱ ጋር ተመካክረን ነው የምናደርገው።

ፊልሙን በተመለከተ፣ ከመንገድ ላይ ፍላሽ አስጭነን አናሳይም። እዚህ አገር ፊልም የሚሰሩ ሰዎች ብድር ገብተው ነው የሚሰሩት፣ ስራቸውን በነፃ እየገለበጥን "የኛ ፊልም ጥራት የለውም" ማለት ግፍ ነው። የአማርኛ ፊልም ስናሳይ ባለቤቱን አስፈቅደን እንከፍላለን፣ ያልተቻለ ወር የድሮዎቹን ድምፅ አልባ ፊልሞች እናያለን። በዓመት አንዴ ወይ ሁለቴ ደሞ እንደ እሁዱ ተሰባስበን ሲኒማ ቤት እንሄዳለን፣ ሚኒባስ ኮንትራት ከያዝን ለሁሉም ይቀላል፣ መክፈል የማይችል ቤተሰብ ካለ ስሙ ሳይነሳ ሌሎቻችን እንሸፍናለን፣ ይሄን አስቀድመን ተነጋግረንበታል።

የምርጫ ኮሚቴው ውስጥ ከእናቶች አንድ፣ ከአባቶች አንድ፣ ከወጣቶች አንድ ሰው ቢገባ ደስ ይለናል፣ ፊልሙን ቀድመው አይተው ለልጅ የማይሆን ነገር ካለ ያስቀሩታል። ፈቃደኛ የሆናችሁ ስብሰባው ሲያልቅ እኔ ጋ ስማችሁን ታስመዘግባላችሁ፣ ደብተር ይዣለሁ። ፈንዲሻና ቡና በየብሎኩ በተራ ይሁን የሚል ሃሳብም መጥቷል፣ የመጀመሪያውን ተራ የኛ ብሎክ ወስዷል።

ጥያቄ ያለው ካለ አሁን ልመልስ፣ ከሌለ ሊቀመንበራችን በእጅ ድምፅ ያሰጡልን። የወንበሩ መጋዘን ቁልፍ ንብረት ክፍላችን ጋ ነው ያለው፣ ከፀደቀልን የፊታችን ቅዳሜ 11 ሰዓት ላይ መጥተን እንረከባለን። አመሰግናለሁ።