የላባ መለጠፊያ ጂግ ከመግዛታችሁ በፊት

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ የራሱን ፍላጻ መሥራት ለሚፈልግ ሰው የላባ መለጠፊያ ጂግ አብረን እንመርጣለን። ጂጉ ዘንጉን ይይዛል፣ ላባውን ቦታው ላይ ያስቀምጣል፣ ሙጫው እስኪይዝም አያነቃንቀውም። በቃ ይኸው ነው። ያለ እሱ ሦስት ላባ በዓይን ግምት በእኩል ርቀት መለጠፍ ይቻላል የሚል ካለ ይሞክረውና ይንገረን።

ሁሉም የሚጠይቀኝ «የቱ ጂግ ይሻላል?» ብሎ ነው። እኔ ደግሞ መልሼ «ምን ልትለጥፍበት ነው?» እላለሁ።

[ምስል፦ የወፍ ላባና የፕላስቲክ ላባ ጎን ለጎን]

ፍላጻችሁ በቀጥታ የደጋኑን እንጨት እየታከከ የሚወጣ ከሆነ የወፍ ላባ ይሻላችኋል። ላባ ሲነካ ይተኛል። ፕላስቲክ ግን ደረቅ ስለሆነ ደጋኑን ሲመታ የፍላጻውን ኋላ ገፋ ያደርገዋል። የወፍ ላባ ስትገዙ ታዲያ ቀኝ ክንፍ ወይም ግራ ክንፍ የሚል ታገኛላችሁ። የተፈጥሮ ጉብጠታቸው በተቃራኒ ነው፤ ስለዚህ ጥምዝ ክላምፕ (ላባውን ቆንጥጦ የሚይዘው የጂጉ ክፍል) የምትጠቀሙ ከሆነ የቀኝ ላባ በቀኝ፣ የግራ ላባ በግራ። አንድ ፍላጻ ላይ ሁለቱን መቀላቀል የለም!

አሁን ወደ ክላምፑ። ለእኔ የጂግ ዋናው ነገር እሱ ነው፤ የቀረው ማስቀመጫ ነው።

ቀጥ ያለ ክላምፕ አለ፣ ጥምዝ አለ። ቀጥ ያለውንም ትንሽ ገደድ አድርጎ መለጠፍ ይቻላል። ላባው ዘንጉ ላይ በዞረ መጠን ፍላጻው በአየር ላይ ቶሎ መሽከርከር ይጀምራል፣ መሽከርከሩም አቅጣጫውን ይጠብቅለታል። በተለይ ጫፉ ላይ ሰፊ ምላጭ ካለ ይህ ያስፈልጋል፤ ምላጩ ራሱ እንደ ክንፍ ሆኖ ከፊት ስለሚጎትት። ዋጋ አለው ግን። የአየር ግጭቱ ስለሚጨምር ርቀት ላይ ፍጥነት ይቀንሳል።

[ምስል፦ ክላምፑ ከቅርብ፣ ከኋላው መብራት]

እዚህ ጋ ቆም በሉልኝ። ሙጫ ሳትቀቡ ላባውን ክላምፑ ውስጥ አስገቡ፣ ዘንጉ ላይ አስደግፉት፣ ከዚያ ጂጉን ወደ መብራት ከፍ አድርጋችሁ ከላባው ሥር ተመልከቱ። ብርሃን ካሾለከ አልገጠመም ማለት ነው። ብዙ ጊዜ መሃሉ ነክቶ የፊትና የኋላ ጫፉ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ በተለይ ቀጭን የካርቦን ዘንግ ላይ ኃይለኛ ጥምዝ ስትሞክሩ። ክፍተቱን በሙጫ እሞላዋለሁ ብላችሁ ራሳችሁን አትሸውዱ፤ መጀመሪያ የሚነቀለው እዚያ ጋ ነው። ማስተካከያ ብሎን ያለው ጂግ የሚመረጠው ለዚህ ነው፣ ማዕዘኑን ቀነስ እያደረጋችሁ ሙሉ በሙሉ እስኪነካ ታስተካክላላችሁ። ቢትዘንበርገር የሚባለው በማግኔት የሚይዝ ነባር ጂግ ስሙን ያተረፈው በዚሁ ነው። ቀርፋፋ ነው፣ በአንድ ጊዜ አንድ ላባ ብቻ፤ ግን እንደ ዘንጋችሁ ይስተካከላል። አሪዞና ኢዚ ፍሌች ደግሞ ሦስቱንም ላባ በአንዴ ይይዛል፣ ለጀማሪ ምቹ ነው፣ ማዕዘኑ ግን ከፋብሪካው እንደወጣ ነው።

ፍጥነትስ? እሱን ከጂጉ ይልቅ ሙጫው ይወስነዋል። 12 ፍላጻ በሦስት ላባ 36 ላባ ነው። ሙጫችሁ 10 ደቂቃ መጠበቅ የሚፈልግ ከሆነ፣ ባለ አንድ ክላምፕ ጂግ ላይ 6 ሰዓት ተቀመጡ ማለት ነው። ስድስት ፍላጻ በአንዴ የሚይዘው ጂግ ያንኑ በ1 ሰዓት ይጨርሰዋል። የሱፐር ግሉ ዓይነት ቶሎ የሚይዝ ሙጫ ካላችሁ ግን ያ ሁሉ ልዩነት ይጠባል፣ ለባለ ስድስቱ ተጨማሪ ብር ማውጣትም ብዙም አይታየኝም።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ፦ የፍላጻው ኖክ፣ ማለትም ጅማቱ የሚገባበት ስንጥቅ፣ የሚቀመጥበት ቦታ። ኖኩን አስገብታችሁ ዘንጉን በጣታችሁ ግራ ቀኝ ሞክሩት። የሚላወስ ከሆነ በላባዎቹ መካከል መኖር ያለበት 120 ዲግሪ ይዛባል። አራት ላባ የመለጠፍ ሐሳብ ካላችሁም ዘንጉን የሚያዞረው የጂጉ መዞሪያ 90 ዲግሪ ላይ መቆም ይችል እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሁሉም ጂግ ይህ የለውም።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ክላምፑን ባዶውን ዝጉትና ያንኑ የመብራት ፈተና ድገሙበት። ሁለቱ ከንፈሮች ከጫፍ እስከ ጫፍ ካልገጠሙ ክላምፑ ጎብጧል፣ ተዉት።