ገርጂ ማሳ በነበረ ጊዜ፦ በእድራችን ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንኳን ለእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ በሰላም አደረሳችሁ። ምልዓተ ጉባኤው መሙላቱን ጸሐፊያችን ነግሮኛል። ሁለት ሰዓት ብለን ሦስት ሰዓት ላይ ጀምረናል፤ ካለፈው ዓመት ይሻላል።

ሪፖርቱ ከመቅረቡ በፊት ስለምንኖርበት መሬት ትንሽ ላውራ። ያለ ነገር አይደለም፣ ከዛሬው አጀንዳ ጋር ይገናኛል።

ገርጂ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ኮንዶሚኒየሙ ነው። የከተማችን የአዲስ አበባ የሙከራ ኮንዶሚኒየም በ1990ዎቹ አጋማሽ የተሠራው እዚሁ ስለሆነ አይፈረድብንም። ከዚያ በፊት ምን ነበር ስንባል ግን «ባዶ ሜዳ» እንላለን። እኔ ይህቺ አነጋገር አትመቸኝም። እዚህ የሚታረስ መሬት ነበር። የሚያርሱት የኦሮሞ ገበሬዎችም ነበሩ። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው አሁን ከጎናችን ተቀምጠዋል።

አፈሩን ታውቁታላችሁ። ጥቁሩ ኮትቻ ነው። በክረምት ጫማ ያወልቃል፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ቤት የሠራ ሰው በዚህ አፈር ያልተማረረ የለም። ተቆፍሮ ይወጣል፣ በምትኩ ገረጋንቲ ይሞላል፣ ያም ሆኖ የአጥር ግንቡ ከዓመት በኋላ ይሰነጠቃል። ለገበሬው ግን ይኸው አፈር እንጀራው ነበር። ውሃ ስለሚይዝ ጤፍ የሚዘራው ዝናቡ ከጠና በኋላ፣ ሐምሌ ላይ ነው። ደጋግሞ ታርሶ ከለሰለሰ በኋላ ከብት ገብቶ ይረግጠዋል። ዘሩ ደቃቅ ነውና ልል አፈር ውስጥ ከሰመጠ አይበቅልም። ሽምብራና ጓያ ደግሞ መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያባራ ይዘራሉ። ከዚያ በኋላ ጠብታ ባይወርድ እንኳ መሬቱ በያዘው እርጥበት ያፈራሉ። እኛ መሐንዲስ ቀጥረን የምንታገለውን አፈር እነሱ ጠባዩን አውቀው ይበሉበት ነበር።

ኑሮው ምቹ ነበር እያልኩ አይደለም። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ በከተማው ዙሪያ ያለው መሬት በብዛት የባለርስት ነበር። ጭሰኛው ያመረተውን እንደ ውሉ እርቦ፣ ሲሶ ወይም እኩል ያካፍላል። የተረፈውን በአህያ ጭኖ ገበያ ያወጣል። በዚያው ዘመን ከተማው ራሱ እየቀረበ መጣ። የልደታው አውሮፕላን ማረፊያ ለጄት ስለማይበቃ ቦሌ ላይ አዲስ ተሠራ። በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720ዎቹ መጡ። እዚህ ደግሞ አጠገቡ በበሬ ይታረሳል።

የ1967 ዓ.ም. የየካቲት 25ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ። ገበሬው ግን ብዙም ሳይቆይ ሌላ ነገር መጣበት፤ ከተማው ራሱ ደጁ ደረሰ። በ1997ቱ የካሳ አዋጅ ማሳው በቋሚነት የተወሰደበት ገበሬ የሚከፈለው የዓመት አማካይ ገቢው በ10 ተባዝቶ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ወደ 15 ከፍ አለ። የዐሥር ዓመት የእህል ዋጋ ዕድሜ ልክ አያኖርም። በከተማችን ዳርቻ ራሱ ባረሰው ማሳ ላይ ለቆመ ሕንፃ ጥበቃ ሆኖ የተቀጠረ ሰው አለ። በዚህ ላይ የየራሳችን አስተያየት ይኖረናል፤ እድር የፖለቲካ መድረክ ስላልሆነ እዚህ ላይ ልተወው።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ለድንኳኑ፣ ለወንበሩና ለብረት ድስቱ መጋዘን ልንሠራ አስበናል። የታሰበው ቦታ ከወንዙ ወዲህ ያለው ዝቅተኛው ጥግ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ የሰፈራችን አባት አስጠርተውኝ «እዚያማ ጨፌ ነበር፤ እኛ ከብት እናበላበት ነበር እንጂ ጎጆ እንኳ አልሠራንበትም» አሉኝ። ውሃው ነሐሴ ላይ የት እንደሚተኛ እሳቸው በእግራቸው ያውቁታል። እኛ የምናውቀው ምድር ቤታችን ሲሞላ ነው። የጋራ ገንዘባችንን ጨፌ ላይ አፍስሰን በክረምት ድንኳን ከውሃ ስንጎትት ብንገኝ ማንን ልንወቅስ ነው?

ስለዚህ ሥራ አስፈጻሚው ሁለት ነገር ያቀርባል። አንደኛ፣ የመጋዘኑ ቦታ ከመወሰኑ በፊት እዚህ ያረሱ አባቶችና እናቶች መሬቱን ዞረው ያሳዩን። ሁለተኛ፣ በዚያው አጋጣሚ ምንጩ፣ የከብት መንገዱ፣ አውድማው የት እንደነበር ሲናገሩ ወጣቶቻችን በስልካቸው ይቅረጹ። በኦሮምኛ ያወሩትንም በኦሮምኛው እናስቀምጠው፤ የሚተረጉም ልጅ አናጣም። ወጪው የቡና ብቻ ነው።

ሐሳቡ የማይዋጥለት ካለ በውይይቱ ሰዓት እጁን ያውጣ። አሁን ገንዘብ ያዣችን የሒሳብ ሪፖርቱን ያቀርባሉ። ወርኃዊ መዋጮ ያለባችሁም ከመውጣታችሁ በፊት በሩ አጠገብ ያለችውን እኅታችንን አነጋግሩ። አመሰግናለሁ።