«ማን ከፈተው?» የሚለው ጥያቄ ይብቃን

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

አዘጋጆቹ «ስለ ሰነድ ማንበቢያ ሶፍትዌሮች የደህንነት ክፍተት ተናገር» ብለውኛል። እሺ ብያለሁ። ግን የመጣሁት አንድ ነገር ሆዴን ስለበላኝ ነው። አንድ ቢሮ በተጠቃ ቁጥር ሪፖርታችን «ሠራተኛዋ የኢሜይሉን አባሪ በመክፈቷ» ብሎ ይጀምራል። እኔ በበኩሌ ይህ ነገር መሮኛል።

የማውቃትን አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ላንሳ። ሥራዋ ቀኑን ሙሉ ከማታውቃቸው ሰዎች የሚላክ የክፍያ መጠየቂያ መክፈት ነው። አንድ ቀን አንዱ ጉድ ይዞ መጣ። ማንበቢያው ለአፍታ ደርቆ ተዘጋ። ደግማ ስትከፍተው ገጹ ወለል ብሎ ታየ። ቁጥሩም ማኅተሙም ልክ ነው። ወደሚቀጥለው አለፈች። ፋይሉ ጥቃት ይዞ እንደገባ ሲታወቅ ስብሰባ ተጠራ። «ለምን ከፈትሽው?» አሏት። «ሳልከፍተው በምን አውቄ ልክፈል?» አለች። መልስ የሰጣት የለም። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ግን ቀድሞ ታትሞ ጠረጴዛው ላይ ነበር። የዚያ ኮምፒውተር ማንበቢያ አፕዴት ከተደረገ ቆይቷል። አፕዴት የማድረግ ፈቃዱ ደግሞ እሷ ጋ አልነበረም። ይህን ሳነሳ «እሱ ቴክኒካል ጉዳይ ነው» ተባልኩ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን!

«ባትከፍተው ኖሮ» ለምትሉኝ ደግሞ 2021ን ላስታውሳችሁ። ፔጋሰስ የተባለው የስለላ ሶፍትዌር አይፎን ውስጥ የገባበትን መንገድ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው የምርምር ተቋም ሲቲዝን ላብ ያገኘው ያኔ ነው። የተላከው ፋይል ስሙ «ጂፍ» (የሥዕል ፋይል) ይላል፤ ውስጡ ግን ፒዲኤፍ ነው። ስልኩ መልእክቱን ሲቀበል ባለቤቱን ሳይጠይቅ ራሱ ፈታው። ክፍተቱ የነበረው ጄቢግ2 የሚባል፣ ጥቁርና ነጭ ስካን ለማመቅ የተሠራ የቆየ ዘዴ በሚፈታው ኮድ ውስጥ ነው። ኮዱ ለሥዕሉ የሚያስፈልገውን ቦታ ሲደምር ድምሩ ሞልቶ ፈሰሰ፤ የተያዘው ቦታ አነሰ፤ የተረፈው ሌላ ሜሞሪ ላይ ተጻፈ።

ጉዱ ገና ነው። ጄቢግ2 ሥዕሎችን እርስ በርስ የሚያጣምርበት «እና»፣ «ወይም» የመሳሰሉ ትእዛዞች አሉት። አጥቂዎቹ ከ70,000 በላይ እንዲህ ያሉ ትእዛዞችን ደርድረው ፋይሉ ውስጥ ትንሽ ኮምፒውተር ሠሩ። የሚደምር፣ የሚያወዳድር ኮምፒውተር፣ በስካን መፍቻ ላይ! የደህንነት ክፍተት የሚያድነው የጉግል ቡድን፣ የፕሮጀክት ዜሮ ባለሙያዎች ሲተነትኑት እነሱም ተገርመዋል። አፕል ክፍተቱን የደፈነው በመስከረም 2021 ነው። እስቲ ንገሩኝ፤ ያንን ፋይል ማን ነካው? ማንም! ታዲያ ደብዳቤው ለማን ይጻፍ?

ሰነድ ማንበቢያ ስሙ ማንበቢያ ይሁን እንጂ የማይሠራው ነገር የለም። ፒዲኤፍ በ1993 ሲወጣ ዓላማው ገጹ የትም ቢከፈት አንድ ዓይነት እንዲታይ ነበር። ከዚያ ጃቫስክሪፕት፣ ማለትም ፕሮግራም የሚጻፍበት ቋንቋ፣ ተጨመረበት። ቅጽ፣ ቪዲዮ፣ ባለሦስት አቅጣጫ ሥዕል፣ ሌላ ፋይል በሆዱ መያዝ ቀጠለ። ፎንቱ እንኳ የራሱ ትእዛዝ አለው። ደረሰኝ ለማየት ይህ ሁሉ ለምን ይነሳል? የጠየቀ ደንበኛ አለ? የዎርድ የሒሳብ ቀመር ማዘጋጃስ? በ2000 የተጠናቀረ ፕሮግራም፣ ክፍተቱ እስኪታወቅ እስከ 2017 ድረስ ሰው ሁሉ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። አዲሶቹ መከላከያዎች እሱ ላይ አልነበሩም። ማይክሮሶፍት በ2018 መጀመሪያ ጭራሽ አውጥቶ ጣለው። ቀመር ጽፎ የማያውቅ ሰው ነው በእሱ ሲጠቃ የኖረው።

ማክሮንም፣ ሰነድ ውስጥ የሚቀመጠውን ትንሽ ፕሮግራም፣ እዩት። የማክሮ ቫይረስ በዎርድ መሰራጨት የጀመረው በ1995 ነው። ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት «ፍቀድ የሚለውን አትጫኑ» እያልን ሰውን አሠለጠንን፣ ገሠጽን፣ ፈተንን! በ2022 ማይክሮሶፍት ከኢንተርኔት የመጣ ፋይል ማክሮው እንዲታገድ መነሻ ቅንብሩን ቀየረ። ስልጠና ሲያባብለው የኖረውን ነገር የአምራቹ ውሳኔ ያዘው። አጥቂዎቹም ሌላ መንገድ ፍለጋ ሄዱ። ይቻል ነበር ማለት ነው። ቀድሞውኑ ይቻል ነበር!

የቀረውን በአጭሩ ልበል። ሳንድቦክስ፣ ማለትም ፋይሉ ሌላውን የኮምፒውተር ክፍል እንዳይነካ አጥሮ መክፈት፣ ይሠራል፤ አዶቤ ሪደር ከ2010 ጀምሮ አለው፤ እንዳታጠፉት። ጃቫስክሪፕቱን ግን አጥፉት፤ የሚጮህ ሰው ካለ ያኔ እናወራለን። ብሮውዘር ውስጥ መክፈት ይሻላል፤ ሆኖም እሱም ጻድቅ አይደለም። በ2024 የፋየርፎክስ ፒዲኤፍ ማንበቢያ ፎንት በሚያዘጋጅበት ቦታ ላይ የአጥቂን ኮድ የሚያስኬድ ክፍተት ተገኝቶበት ተደፍኗል። አፕዴት ስለማድረግ እናንተን አልመክርም፤ ለአለቆቻችሁ ንገሩልኝ።

አሁን የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። የጥቃት ሪፖርት ቅጻችን ላይ «ፋይሉን የከፈተው ሠራተኛ ስም» የሚል መስመር አለ። ይሰረዝ። በእሱ ቦታ የማንበቢያው ስም፣ ቨርዥኑ፣ የተበላሸው ክፍልና አፕዴቱን ያዘገየው የሥራ ክፍል ይጻፍ። ረቂቁ እጃችሁ ላይ አለ። የሚቃወም ካለ አሁኑኑ እጁን ያውጣና እንከራከር።